በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ያልደበቀውስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረታችን። እሺ፣ ይሁን። ያልደበቀውስ? አፍ አውጥቶ «እንቅልፍ አጣሁ፣ ሰው ጠላሁ፣ መኖር ሰለቸኝ፣ እባካችሁ የሚያናግረኝ ባለሙያ ፈልጉልኝ» ያለውስ? እሱ መድኃኒቱን የት ሄዶ ያገኛል? የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በየዓመቱ መስከረም 30 ገደማ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሲደርስ ያው ሥነ ሥርዓት ይደገማል። አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል። ተናጋሪዎች በየተራ ተነሥተው «የኅብረተሰባችን ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» ይላሉ። «ግንዛቤ ማስጨበጥ ላይ በርትተን መሥራት አለብን» ይባልና ወደ ምሳ ይኬዳል። በሥራዬ ምክንያት ከእነዚህ አዳራሾች በብዙዎቹ ተቀምጫለሁ። «ግንዛቤው የተፈጠረለት ሰው ነገ ጠዋት የት ይሂድ?» የሚለው ጥያቄ ግን አንድም ቀን ከመድረክ ሲመለስ አልሰማሁም።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። የአዲስ አበባን ሰው ዛሬ ከግንዛቤ እጥረት ይልቅ የሚጎዳው የአድራሻ እጥረት ነው። ሰዉ መታከም ፈልጓል። ማን ሊያክመው እንደሚችል፣ የቱ ባለሙያ እውነተኛ እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝ የሚነግረው ግን የለም። ይህ ደግሞ የሕመምተኛው ጥፋት አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚቆጣጠረውና ሙያውን የሚወክለው አካል ጥፋት ነው።

▪️ ከኮተቤ እስከ መገናኛ

በቅርቡ ለአንድ የሥጋ ዘመዴ በግል የሚሠራ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ስፈልግ ከረምኩ። ዘመዴ የሚኖረው ኮተቤ ነው። እስከ መገናኛ መምጣት ይችላል፤ ከዚያ አልፎ ታክሲ ቀያይሮ መሄድ ጭንቀቱን ያብስበታል። ሕመሙን አልደበቀም። ቤተሰቡም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ አላሾፈበትም። በባነሮቹ ቋንቋ ሙሉ ግንዛቤ ያለው ቤተሰብ ነው።

መጀመሪያ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ጥሩ ሰው ናት፤ አዳመጠችው። በመጨረሻ ግን የነበራት መልስ አንድ ነው፦ «ሪፈር ልጻፍልህ?» ሪፈሩ ወደ ሐኪምና ወደ መድኃኒት ነው። በንግግር የሚያክም ባለሙያ የት እንዳለ ስንጠይቃት ፈገግ ብላ «እሱን እንኳ በግል ነው የምታገኙት» አለችን። በግል የት? እሷም አታውቅም።

ቀጥሎ ስልክ ነው። ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ሰባት ቁጥር ሰበሰብኩ። ሁለቱ አይሠሩም። ሦስተኛው ሳይኮሎጂስት ነኝ ብሎ ያስተዋውቃል፤ ስደውል የሚሸጠው «በ21 ቀን ራስህን ለውጥ» የሚል ሥልጠና ነው። አራተኛው «ዶክተር» ነው፤ ዶክትሬቱ በምን እንደሆነ ስጠይቀው ተቆጣኝ። አምስተኛው የአእምሮ ሐኪም ያለበት ክሊኒክ ነው፤ በክብር ተቀበሉን፣ መረመሩት፣ መድኃኒት አዘዙለት፤ የንግግር ሕክምና የሚሰጠው ባለሙያ ግን ለቋል። ስድስተኛዋ «ዋጋ በስልክ አንናገርም፣ ብቻ ኑ» አለች። ሰባተኛው ትክክለኛው ሰው ነበር። በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ አለው፣ የሙያ ፈቃዱን ሳልጠይቀው ነገረኝ፣ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አስረዳኝ። ቢሮው ከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ የመጀመሪያው ቀጠሮ ከአምስት ሳምንት በኋላ።

ልብ በሉ፤ ይህን ያደረግሁት ሰው መጠየቅ ሥራዬ የሆነው እኔ ነኝ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ያደረ፣ ስልክ ማንሣት የሚያስፈራው ሰው ሰባት ቦታ ይደውላል ብላችሁ ታስባላችሁ? ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ወይ የ21 ቀን ሥልጠናውን ይገዛል፣ ወይ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይተኛል።

መገናኛ ላይ የቆመ ሚኒባስ እንኳን የት እንደሚሄድ የሚናገር ታፔላ ጣሪያው ላይ አለው። ሰው ነፍሱን ሊከፍትለት የሚሄደው ባለሙያ ግን ታፔላ የለውም።

▪️ ማን ማን ነው?

ግራ መጋባቱ ከስም ይጀምራል፤ ስለዚህ እናጥራው።

ሳይካትሪስት የአእምሮ ሐኪም ነው። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሐኪም ሕክምና ተምሮ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው። መድኃኒት ያዛል። የሳይካትሪ ነርስ በዘርፉ የሠለጠነ ነርስ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የአገራችንን የአእምሮ ሕክምና ለአሥርት ዓመታት በትከሻው የተሸከመው እሱ ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደግሞ ሳይኮሎጂ ተምሮ በማስተርስ ወይም ከዚያ በላይ ሕሙማንን መመርመርና በንግግር ማከም የሠለጠነ ነው። መድኃኒት አያዝም።

በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ብዙ ጠቃሚ ሥራ መሥራት ይችላል፤ ብቻውን ቢሮ ከፍቶ ከባድ ድባቴን ማከም ግን ከእነዚያ አንዱ አይደለም። አነቃቂ ንግግር አቅራቢውና «የሕይወት አሠልጣኙ» ሌላ ሥራ ነው። ሊወደድ ይችላል፤ ሕክምና ግን አይደለም።

«ምን ልዩነት አለው? ሁሉም ያወራል» የሚል አለ። ልዩነትማ አለው። ድንገተኛ ፍርሃት የሚይዘውን ሰው ውሰዱ። ታክሲ ውስጥ ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ «ሞትኩ» ይላል። ከዚያ ታክሲ መሳፈር ይተዋል፤ ቀጥሎ ገበያ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ በመጨረሻ ከቤት መውጣት። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ በሚባለው ዘዴ የሠለጠነ ባለሙያ «አይዞህ» ብሎ አይሸኘውም። የሚፈራቸውን ነገሮች ከትንሹ ወደ ትልቁ አብረው ይደረድራሉ። ዛሬ ታክሲ ተራ ድረስ ሄዶ መመለስ፤ ነገ አንድ ፌርማታ፤ ከዚያ ሁለት። ፍርሃቱ ሲመጣ ሰውነቱ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ፣ ሳይሸሽ ቢቆይ ራሱ እንደሚበርድ በተግባር ያሳየዋል። ይህ የተጠናና የሚለካ ሥራ ነው።

በድባቴ ለተያዘ ሰው ደግሞ መድረክ ላይ ቆሞ «ተነሥ! ትችላለህ! ሰነፍ አትሁን!» ማለት በቁስል ላይ ጨው ነው። ሰውየው ያልተነሣው ስንፍና ይዞት ሳይሆን ታሞ ነው። «አልቻልኩም» ብሎ ራሱን ይወቅስ የነበረው ሰው አሁን ከፍሎ ይወቀሳል።

▪️ እንዴት እዚህ ደረስን?

አማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ለመላ አገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ነበር። ከጎንደርም ከሐረርም ከጂማም የታመመ ሁሉ መርካቶ አጠገብ ወዳለው ወደዚያ ግቢ ነበር የሚመጣው። የቦታው ስም ራሱ በከተማችን ስድብ ሆነ፤ «ከአማኑኤል ያመለጠ» ስንባባል አደግን። ሕክምናን የስድብ ቃል ያደረገ ከተማ ሕመምተኛውን «ለምን ደበቅህ?» ብሎ የመጠየቅ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣ አላውቅም።

በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት አገር ውስጥ ሲጀምር ወደ 70 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የነበሩን ሳይካትሪስቶች 11 ነበሩ። አንብባችሁ አትለፉት፤ አሥራ አንድ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ አድጓል፤ ሥራውን የሠሩ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። የጤና ሚኒስቴርም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አለው። በጤና ጣቢያ ያሉ ባለሙያዎች መሠረታዊ የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጡም በዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር መሠልጠን ከጀመሩ ቆይተዋል።

ችግሩ ይህ ሁሉ እድገት በሐኪምና በነርስ በኩል መምጣቱ ነው። ሳይኮሎጂስቱ በሌላ በር ነው የገባው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ለረጅም ዘመን የተቀመጠው በትምህርት ፋኩልቲ ሥር ነበር። ተመራቂው ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች፣ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ነበር የሚሄደው። የጤና ሥርዓቱ «የኔ ባለሙያ» ብሎ ሊያውቀው የጀመረው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንዱ በሙያ ፈቃድ ይሠራል፣ ሌላው በማማከር ንግድ ፈቃድ ይሠራል፣ ሌላው በምንም ይሠራል። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ አንድ ሶፋ፣ አንድ አበባ፣ አንድ የቴሌግራም ቻናል። ንግድ ፈቃድ ግብር ለመክፈል ነው፤ ሰው ለማከም ብቃት አለህ ማለት አይደለም።

የየካ ነዋሪ ደግሞ ሌላም ነገር ያስታውሳል። የካ ኮተቤ ሆስፒታል መጀመሪያ የታሰበው የአእምሮ ሕክምናን ለማስፋፋት ነበር። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሆነ። ያኔ ትክክል ነበር፤ አገር ጭንቅ ላይ ነበረች። ዛሬ ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ለአካባቢው ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሆስፒታል ግን በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ የሚያዳምጥ ባለሙያ ለሚፈልገው ሰው ሁሉ አይበቃም። ሊበቃ የሚችለው በየሰፈሩ ያለ፣ በትንሽ ክፍል የሚሠራ፣ ፈቃዱ የታወቀ የግል ባለሙያ ነው።

▪️ «ባህላችን አይፈቅድም» ለሚሉ

ይህን ስጽፍ የሚመጡብኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «እኛ የነፍስ አባት አለን፣ ጸበል አለን፣ ዕድር አለን፣ ቡና አለን፤ የፈረንጅ ነገር ምን ያደርግልናል?» የሚለው ነው። ይህን ክርክር አልንቀውም። ግን እስቲ ቀና ብለን እንጦጦን እንይ። በኤችአይቪ ዘመን ሺዎች ከየአገሩ መጥተው እንጦጦ ላይ ጎጆ ተከራይተው ይጠመቁ ነበር። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል ሲጀምር «ጸበል እየተጠመቅሁ መድኃኒት ብወስድ እምነት ማጉደል ነው» ያሉ ብዙ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበላቸውንም መድኃኒታቸውንም አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ አበረታቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቢጄሳይክ ኦፕን በተባለ የአእምሮ ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናትም በአገራችን የጸበል አገልጋዮችና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው የሠሩበትን ተሞክሮ መዝግቧል። ስለዚህ ሃይማኖቱን ሰበብ አታድርጉት። በሩ ከተከፈተ ቆይቷል።

እንዲያውም የነፍስ አባትን ነገር በደንብ ካየነው ለኔ ክርክር ነው የሚመሰክረው። ሰው ለነፍስ አባቱ የሚናዘዘው ለምንድን ነው? ክህነቱ የታወቀ ስለሆነ ነው። ማን እንደሾመው፣ የት ደብር እንደሚያገለግል፣ ምስጢር ቢያወጣ ለማን እንደሚከሰስ ይታወቃል። ከመንገድ ላይ የመጣ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ መስቀል የያዘ ሁሉ ኑዛዜ አይቀበልም። እኔ የምጠይቀው ይኸው ሥርዓት ለሳይኮሎጂስቱ እንዲኖር ነው፤ ማን እንደሾመው እንወቅ።

ዕድሩንና ቡናውን በተመለከተ ደግሞ እውነት እንነጋገር። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። ለሠላሳ ዓመት አብሮ ቡና የጠጣ ጎረቤት ዛሬ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ የጎን በር ሰው ስም የማያውቅ ስንት አለ? ያንን ያፈረሰ ከተማ «ጎረቤትህን አማክር» ሊለን አይችልም።

ሁለተኛው መልስ «የቦሌ ልጆች ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል ግጭት፣ በኦሮሚያ የቀጠለው ግድያና እገታ ያፈናቀላቸው፣ ልጅ የቀበሩ፣ ከግንባር የተመለሱ፣ ከዓረብ አገር ተጎድተው የመጡ እኅቶች አብረውን በዚህ ከተማ ይኖራሉ። ሾላ ገበያ ሽንኩርት የምትመዝንላችሁ ሴት ሌሊት ምን እያየች እንደምትባንን አታውቁም። ይህ ቅንጦት ከሆነ ስብራትም ቅንጦት ነው።

ሦስተኛውን መልስ የሚሰጡት ባለሙያዎቹ ራሳቸው ናቸው፦ «ቁጥጥር ከጠበቀ ያሉትም ጥቂቶች ይዘጋሉ።» እኔ ዝጉ አላልኩም። ዝርዝር አውጡ ነው ያልኩት። የሠለጠነው ሰው ስሙ በመታወቁ ምን ይጎዳል? የሚጎዳው ያልሠለጠነው ብቻ ነው። ደግሞ እናንተ ባለሙያዎች፦ ምስጢር አጠባበቃችሁን በጽሑፍ አሳዩን፣ ዋጋችሁን በስልክ ንገሩን፣ የሕመምተኛን ታሪክ «ስሙን ቀይሬ» እያላችሁ ለቲክቶክ እይታ አታውሉት። ሰው ታሪኩን የሰጣችሁ ለሕክምና ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

ጥያቄዎቼ አምስት ናቸው። አንዳቸውም አዲስ ሕንፃ አይፈልጉም።

1. የከተማው የቁጥጥር ባለሥልጣን በአዲስ አበባ ፈቃድ ያላቸውን ክሊኒካል ሳይኮሎጂስቶች ዝርዝር በቴሌግራም ገጹ ይልቀቅ፤ በየጤና ጣቢያውም በር ላይ ይለጠፍ። ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የፈቃድ ቁጥር፣ ክፍለ ከተማ፣ ስልክ፣ የሚያክምበት ቋንቋ። በአማርኛ የሚያስብ ሰው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ የሚያለቅስ ሰው በኦሮምኛ ይታከም። ዝርዝሩ በየሦስት ወሩ ይታደስ።

2. ስሙ ይጠበቅ። «ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት» የሚለውን ስም ያለ ፈቃድ በማስታወቂያ የተጠቀመ ሰው፣ ያለ ፈቃድ «ሐኪም ነኝ» እንዳለ ሰው ይጠየቅ። አነቃቂ ንግግር አቅራቢው ሥራውን ይሥራ፤ በራሱ ስም።

3. የጤና ጣቢያ ሪፈር ወረቀት ወደ ንግግር ሕክምናም ይጻፍ። ያቺ ጥሩ ነርስ ከዝርዝሩ ሁለት ሦስት ስም አውጥታ መስጠት የምትችል ትሁን።

4. የጤና መድን ይሸፍነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ትግበራው ሲራዘም፣ ሲራዘም እዚህ ደረሰ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን እየሠራ ነው። በሪፈር ለመጣ ሰው ቢያንስ የተወሰኑ የንግግር ሕክምና ቀጠሮዎችን ከግል ባለሙያ ጋር ውል ይዞ ይክፈል። አለበለዚያ ዝርዝሩ የባለ ገንዘብ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

5. በየካ ይጀመር። እዚሁ ኮተቤ ውስጥ መምህራን ሲያሠለጥን የኖረ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል አለ። ወረድ ሲባል ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ የሚማሩ ተማሪዎች ደግሞ የሚለማመዱበት ቦታ ይፈልጋሉ። ሁለት ክፍል ስጧቸው፤ ልምድ ያለው ባለሙያ ከላይ ሆኖ ይከታተላቸው፤ በትንሽ ክፍያ ሰው ይታከም። ሌላው ዓለም ተማሪ የሚያሠለጥነው እንዲህ ነው።

▪️ እስከዚያው ድረስ

ዝርዝሩ እስኪወጣ ሰው መታመሙን አያቆምም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ የሙያ ፈቃድ አለህ ወይ፣ ላየው እችላለሁ? የተማርከው ምንድን ነው፣ እስከየት ድረስ? የነገርኩህን ለማን ልትናገር ትችላለህ? ሁኔታው ቢከብድ ወደ የትኛው ሐኪም ትልከኛለህ? እውነተኛ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች ደስ ይለዋል። የተቆጣ ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። «በሦስት ቀን አድንሃለሁ» ያለም ካለ እንደዚያው። መድኃኒት የጀመረ ሰውም ከሐኪሙ ሳይነጋገር «የንግግር ሕክምና ጀምሬያለሁ» ብሎ አያቋርጥ።

ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ሰው አጠገባችሁ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ብቻውን አትተዉት፤ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። «ለማስፈራራት ነው» አትበሉ።

የከተማው ባለሥልጣናት ሆይ፣ መጪው መስከረም 30 ሲደርስ ባነሩ ይቅር። ቲሸርቱም ይቅር። የአዳራሹን ኪራይ ትታችሁ አንድ ገጽ ዝርዝር አትሙልን። ግንዛቤው አለን። አድራሻውን ስጡን።

ፈቃድ ያለውና በሥራው የምትተማመኑበት ባለሙያ የምታውቁ፣ በተለይ በየካ አካባቢ፣ ባለሙያውን አስፈቅዳችሁ በአስተያየት መስጫው ላይ አስቀምጡ። የማትስማሙም ጻፉ፤ እንከራከራለን። ለሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ዝም ብላችሁ አስተላልፉለት፤ ለምን እንደላካችሁለት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።